አረንጓዴው ሲበራ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን

እታለም፣ የኔ ሆድ፣

እንዴት ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም፣ እንዴት እንደሆንሽ አውቃለሁ፣ ባለፈው እሁድ ስልኩን ከመዝጋትሽ በፊት አፍንጫሽን ስትስቢ ሰምቼሻለሁ። «ልጄ ጠልታኛለች፣ አንድ ቃል እንኳን አትሰጠኝም» ብለሽ ነው የዘጋሽው። አልጠላችሽም። አንቺ ሙች አልጠላችሽም። ለምን እንደማታወራሽ ከሐሙስ ጀምሮ አውቄዋለሁ፣ ጥፋቱ የሷ አይደለም ያንቺም አይደለም፣ እና በስልክ ልነግርሽ ብዬ ሁለቴ ቁጥርሽን ጀምሬ ተውኩት፣ በስልክ ከሆነ አንቺ መሀል ላይ ትቆጪኛለሽ፣ እኔ ደሞ አለቅስና የጀመርኩትን አልጨርሰውም። ወረቀት አይቆጣኝም። ጽሕፈቴን ታውቂዋለሽ፣ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ጽሕፈት ነው፣ ነጥብ የት እንደሚደረግ አላውቅም፣ አንቺ በራስሽ ቦታ እየተነፈስሽ አንብቢው።

ልጅሽ ሚጢ ደህና ናት። መጀመሪያ እሱን ልበልሽ። ጣቷ በፋሻ ተጠቅልሏል ግን ደህና ናት። ቆይ አትደንግጪ፣ ጣቷን እደርስበታለሁ፣ ከስሩ ካልነገርኩሽ አይገባሽም።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፣ ያስገባሽኝ አንቺው ነሽ። ሰው ይደውላል፣ «ዕቃዬ የት ደረሰ» ይላል፣ እኔ ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ላይ እጽፍና «መንገድ ላይ ነው ጌታዬ» እላለሁ። ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ አይደለም፣ ግን የሰጡን ወረቀት እንደዛ በይ ነው የሚለው። አንቺ ሚጢን ለኔ ትተሽ ለሥራ ወደዛ ስትሄጂ ሕንጻው እየታደሰ ስለነበር ሁላችንም ከቤታችን ነበር የምንሰራው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ። ኮምፒውተሩ አልጋው ጫፍ ላይ፣ የጎረቤት ድምፅ እንዳይገባ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅዬ፣ ሾርባው ምድጃ ላይ፣ ሚጢ እግሬ ስር። ያን ጊዜ እንደ ማር ነው የማስበው፣ አስበው ነበር ልበል፣ እሱንም እደርስበታለሁ።

እና ከሁለት ወር በፊት ሕንጻው አልቋል ተመለሱ አሉን። መልእክቱን የላከችው አለቃችን ናት፣ ስም አላት ግን እኛ ጥርሴ ነው የምንላት፣ ስታመሰግንም ስታባርርም ጥርሷ አይከደንም። ስጦታ አዘጋጅተንላችኋል አለች፣ ነፃ ምሳ፣ ነፃ አውቶቡስ፣ ፍራፍሬ፣ ጀርባ የሚያሽ ወንበር፣ እና መጨረሻው ላይ የልጆች ክፍል። እኔ የልጆች ክፍል የሚለውን ካየሁ በኋላ ሌላውን አላነበብኩትም። የት ላደርጋት ነበር እታለም? ለማን ልስጣት? ቅጽ ሰጡን፣ «ከልጁ ጋር ያለዎት ዝምድና» ይላል፣ ከታች ደሞ ክፍሉ ለሠራተኞች ልጆች ብቻ ነው ይላል። «እናት» ብዬ ሞላሁ። ምን ላርግ።

አሁን ስለዛ ቦታ ልንገርሽ፣ ለሰው ነግሬ አላውቅም፣ ስነግራቸው የጠገበች ይሉኛል።

ሕንጻው መስታወት ብቻ ነው። ስትገቢ የቫኒላ ሽታ ይቀበልሻል፣ ኬክ የሚጋገር ይመስልሽና ምራቅሽ ይመጣል፣ ኬክ የለም፣ ከጣሪያው ቀዳዳ የሚነፋ ሽቶ ነው፣ ሠራተኛው ደስ እንዲለው ነው አሉ። መቶ ሰው አንድ አዳራሽ ውስጥ ተጠቅጥቆ ሲያወራ፣ ላቡ፣ ካልሲው፣ የአፉ ትንፋሽ ከዛ ቫኒላ ጋር ሲደባለቅ፣ ቁስል ላይ ስኳር የነሰነሱ ነው የሚመስለው። የመጀመሪያው ቀን ሁለቴ ሽንት ቤት ሄጄ አስመለሰኝ።

ማዳመጫው ደሞ የራሳችን አይደለም። ቤት እያለሁ የራሴ ነበረኝ፣ አስረክቢ ተባልኩ። እዛ ጠዋት ከሳጥን ውስጥ አንዱን ታነሺያለሽ፣ ካንቺ በፊት የሰራው ሰው ጆሮ ገና አልደረቀበትም፣ ስፖንጁ ርጥብ ነው፣ ለብ ይላል። አንዳንዴ ፀጉር ተጠምጥሞበታል። አንድ ቀን የሰው የጆሮ ኩክ ጣቴ ላይ ቀረ፣ ቢጫ፣ እና በዛው ጣት ቁልፉን ተጭኜ «እንደምን አደሩ ጌታዬ» አልኩ። ስናማርር መጥረጊያ ሶፍት አመጡልን፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ፣ ሪባን ታስሮበት። ሶፍት እኮ ነው። ጥርሴ እያከፋፈለች ፎቶ አስነሳችን።

ምሳው በነፃ ነው፣ እውነት ነው። በፕላስቲክ ሳጥን ይመጣል፣ ክዳኑን ስትከፍቺ ያላበው ውሃ ሩዙ ላይ ይንጠባጠባል፣ ከላይ አንድ የተቀቀለ እንቁላል። መቶ እንቁላል ባንዴ ይላጣል። የምትበዪው ከተቀመጥሽበት ሳትነሺ ነው፣ ከተነሳሽ በጥርሴ ሰሌዳ ላይ በስምሽ ቀይ ይበራል። ደንበኛው በዚህ ጆሮሽ ያለቅሳል፣ በዛኛው ጆሮሽ ጎረቤትሽ ያላምጣል። ሽታው እስክንወጣ እዛው ነው፣ ፀጉሬ ውስጥ ይገባል፣ ሚጢ ስታቅፈኝ ፊቷን ታዞራለች።

ጀርባ የሚያሸው ወንበር አንድ ነው፣ ለመቶ ሰው። ራስ የሚያርፍበት በፀጉር ቅባት ጠቁሮ ያብለጨልጫል። የሾፌሮቹ አለቃ ሁሌ እዛ ላይ አፉን ከፍቶ ይተኛል፣ ወንበሩ ያንቀጠቅጠዋል፣ ለሃጩም አብሮት ይንቀጠቀጣል። ፍራፍሬው መግቢያው ላይ በትልቅ ቅርጫት ነው። አጠገቤ የምትቀመጠው ወፍራሟ፣ እሜቴ ነው የምንላት፣ በመጀመሪያው ቀን ያን ቀይ ፖም አንስታ ገመጠችው፣ ፕላስቲክ። ላይ ላዩ ለእንግዳ ዓይን ነው፣ ከስር ያለው ሙዝ ጠቁሮ ዝንብ ወሮታል። የጥርሷ ምልክት እስካሁን ፖሙ ላይ አለ፣ ምልክቱን ወደ ግድግዳ አዙረው መልሰው አስቀመጡት።

እሷ ራሷ ናት እኮ ደሞ አውቶቡስ ውስጥ የምትከራከረኝ።

«ምሳ በነፃ፣ አውቶቡስ በነፃ፣ ልጅሽን የሚይዝ ሰው በነፃ። ሌላ ምን ቀረ፣ እግርሽን ይጠቡሽ?»

«የሰው ጆሮ ጆሮዬ ላይ እያደረግኩ ነው።»

«ቤትሽ የነበረውስ ሽቶ ነበር?»

«የራሴ ነዋ።»

«አይ አንቺ፣ ቅንጦትሽ» አለችኝና ከቦርሳዋ እንቁላል አወጣች፣ ያን የምሳውን፣ ለመንገድ ብላ ያስቀመጠችውን። መስኮቱን ልከፍት ሞከርኩ፣ አይከፈትም።

ግን ሁሉንም እችለው ነበር፣ እውነቴን ነው፣ አፍንጫዬን ይዤ እችለው ነበር፣ ለልጆቹ ክፍል ስል። እሱ መስታወት ነው፣ ከወንበሬ ቀና ካልኩ ይታየኛል። «ልጅሽን እያየሽ ትሰሪያለሽ፣ ቤትሽ እንደዚህ ነበር?» አለችኝ ጥርሴ። ግድግዳው ላይ ራሱ «እዚህ ቤትዎ ነው» ብለው ጽፈዋል። የኳስ ገንዳ አለው፣ ሲያዩት ደስ ይላል፣ ስትነኪው ግን ኳሶቹ እጅ ላይ ይጣበቃሉ፣ ልጅ ሁሉ ልሷቸው ማንም አጥቧቸው አያውቅም። ሞግዚቷ አንድ፣ ልጆቹ አስራ አራት፣ የሞግዚቷ ዓይን ስልኳ ላይ። ማክሰኞ ማክሰኞ እንግዶች ይመጣሉ፣ ጥርሴ እየመራች መስታወቱ ጋ አቁማቸው «እነዚህ ቤተሰቦቻችን ናቸው» ትላለች፣ እንግዶቹ ልጆቹን ፎቶ ያነሳሉ፣ አራዊት የሚያሳዩበት ቦታ ነው የሚመስለው።

በሁለተኛው ሳምንት ሚጢን ላነሳት ስሄድ ሱሪዋ ርጥብ ነው፣ የደረቀም አለበት፣ ሁለቴ ነው ማለት ነው። ሸተተኝ። «ለምን አልነገረችሽም?» ስላት ሞግዚቷን፣ «አትጠይቅም እኮ፣ የነዚህ ጩኸት ራሴን ያዞረኛል፣ ያንቺ ግን መልአክ ናት፣ ከጠዋት እስከ ማታ ድምፅ የላትም» አለችኝ። እና እኔ ሞኟ፣ ሽንቷን እጄ ላይ ይዤ፣ ኮራሁ።

ከዛ በኋላ ቤትም ማውራት ቀነሰች። ድሮ ታውቂያት የለም፣ ድመቷን አያት ትላት የነበረችው፣ ቧንቧው ለምን ያለቅሳል እያለች የምታደርቀኝ ልጅ። አሁን በሹክሹክታ ሆነ፣ «ውሃ»፣ «በቃኝ»፣ ከዛ ትተኛለች። ደክሟት ነው አልኩ። እሁድ ስትደውዪ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ሳደርግላት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ዝም ትላለች፣ አንቺ «ሚጢዬ፣ ሚጢዬ» ስትዪ ዓይኗ ይሞላል እንጂ አፏን አትለቀውም። አፍራ ነው አልኩሽ። ዋሸሁሽ፣ ማለቴ ለምን እንደሆነ አላወቅኩም፣ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ።

ባለፈው ወር መጨረሻ ደሞ ሽልማት ሰጧት። የወሩ ምርጥ ልጅ ብለው፣ ለዝምታዋ። ከሷ የሚበልጥ አሻንጉሊት አሳቀፏት፣ ሰው አጨበጨበ፣ እኔን ከጎኗ አቁመው ፎቶ አነሱንና ትልቅ አድርገው መግቢያው ላይ ሰቀሉት፣ ስሩ «እናትና ልጅ» ይላል። እታለም፣ እዛ ቦታ ያለ ነገር ሁሉ ያስጠላኛል፣ ሽታው፣ ምግቡ፣ የጥርሴ ጥርስ። ፎቶው ግን፣ እንዳልዋሽሽ፣ ፎቶው አላስጠላኝም። በየቀኑ ስገባ አየዋለሁ።

እና ሐሙስ።

ሐሙስ ከምሳ በፊት አንድ ሰውዬ ደወለ፣ ሁለቱም የግራ እግር የሆነ ጫማ ልካችሁልኛል ይላል። «ይቅርታ ጌታዬ» እላለሁ፣ «ሁለት ግራ እግር ያለው ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» ይላል፣ «አላውቅም ጌታዬ» እላለሁ። አስራ አንድ ደቂቃ ነው የቆየው፣ ኮምፒውተሩ ላይ ተጽፏል። መሀል ላይ ቀና ስል ሚጢን በመስታወቱ አየኋት። የአሻንጉሊቱ ቁምሳጥን ጋ ቆማለች፣ አንድ እጇ አፏ ላይ፣ አንዱ እጇ ቁምሳጥኑ በር ላይ። እኔን ነው የምታየው። ዓይኗ ትልቅ ሆኗል። አንዱ ልጅ በሩ ላይ ጀርባውን አስደግፎ ተቀምጦ መኪናውን ይነዳል። ድብብቆሽ የሚጫወቱ መሰለኝ። እና እታለም፣ እጄን አወዛወዝኩላት። ሳቅኩላት። እሷ አላወዛወዘችልኝም፣ ሁለቱም እጇ ተይዟል።

ሰውዬው የጫማውን ነገር ጨርሶ ስልኩን ሲዘጋ እንደገና አየሁ፣ እዛው ናት፣ እንደዛው። ያኔ በሩ ላይ የሚወርደውን ቀይ ነገር አየሁ። ማዳመጫውን ወርውሬ ነው የሮጥኩት። በስሜ ቀይ በርቷል፣ ይብራ። ሞግዚቷ ስልኳን ይዛ «ምነው፣ ምነው» ትላለች፣ ድምፅ አልሰማችማ፣ ምንም ድምፅ አልነበረም። ልጁን ከበሩ ላይ አነሳሁት፣ ጣቷ በማጠፊያው በኩል ነው የገባው፣ ጥፍሯ ተነቅሎ ቆዳዋ ላይ ተንጠልጥሏል። እንባዋ አገጯ ድረስ ወርዷል፣ እጇ ግን አፏ ላይ ነው፣ ነክሳዋለች፣ የገዛ መዳፏን ነክሳ ጥርሷ ቀርቶበታል።

«ጩኺ» አልኳት፣ «ሚጢዬ ጩኺ፣ አልቅሺ፣ ምን ሆነሻል?» እያቀፍኳት። ያን የቆሰለ ጣቷን አንስታ ወደ ላይ ጠቆመችኝ። ከክፍሉ በር በላይ። የሚሮጥ ሰው ምስል ያለበት መብራት አለ፣ እሳት ቢነሳ መውጫውን የሚያሳይ፣ ቀንም ሌሊትም የማይጠፋ።

አረንጓዴ ነው።

አሁን ያን ልንገርሽ፣ እደርስበታለሁ ያልኩትን። ቤት የነበረኝ ማዳመጫ ጎኑ ላይ ትንሽ መብራት ነበረው፣ ሰው መስመር ላይ ሲሆን አረንጓዴ ይበራል። ሚጢ ሁለት ዓመት ሳይሞላት አንድ ቀን ስታለቅስ ደንበኛ ሰምቶ «የልጅ ለቅሶ ልሰማ ነው የደወልኩት?» ብሎ ከሰሰኝ። ጥርሴ ደወለች፣ «ሌላ ቀን ከተሰማ እንለያያለን የኔ ቆንጆ» አለችኝ። ፈራሁ። እኔ ፈሪ ነኝ፣ ታውቂያለሽ። እና አስተማርኳት። አረንጓዴው ሲበራ እጅ አፍ ላይ፣ ሲጠፋ ከረሜላ። እንደ ጨዋታ ነበር። አንዴ አልሰማ ስትለኝ ቆነጠጥኳት። አንዴ ብቻ ነው። ሁለቴ ነው። ከዛ በኋላ ቆማ ምድጃው ላይ ብትወድቅ ድምፅ የማታሰማ ልጅ ሆነች፣ እኔም ለሰው ሁሉ እንዴት ጎበዝ ናት እያልኩ አወራሁ። እነሱ ክፍል ስትገባ መብራቱ በርቶ አገኘችው፣ እና ጠበቀች እታለም። እስኪጠፋ ጠበቀች። ሁለት ወር ሙሉ ሽንቷን እየለቀቀች፣ እስኪጠፋ ትጠብቃለች።

ከዛ ሽታ ሁሉ፣ ከእንቁላሉም ከጆሮ ኩኩም፣ በዛች ሰዓት እኔ ራሴ ነኝ የሸተትኩኝ። እስካሁንም አልለቀቀኝም።

ጣቷን እዛው በጨርቅ ጠቀለሉላትና ጥርሴ ቢሮዋ አስገባችን። ኬክ አመጣች። እውነተኛ ኬክ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ለሚጢ ፊኛ፣ ለኔ ውሃ፣ እና አንድ ወረቀት።

«ትንሽ አደጋ ናት፣ ልጅ ሲጫወት ያጋጥማል፣ እዚህ ጋ ፈርሚልኝ።»

«ከቤት ልስራ እባክዎ» አልኳት። «እንደድሮው። ምሳውም ይቅርብኝ፣ አውቶቡሱም።»

«የኔ ቆንጆ፣ ከቤት የሚባል ነገር ቀርቷል። እስቲ ንገሪኝ፣ ቤትሽ ምን አለ? እዚህ ምግብ አለ፣ ማረፊያ አለ፣ ልጅሽን የሚጠብቅ አለ። ጀርባ የሚያሸው ወንበር ላይ ደሞ ዛሬ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጪ፣ ተረጋጊ፣ እኔ ፈቅጄልሻለሁ።»

ወንበሩን። የሾፌሮቹ አለቃ ለሃጭ ያለበትን። ኬኩ ላይ ያለው ክሬም ቀልጦ ወደ ወረቀቱ ይሄዳል፣ እኔ እሱን ነው የማየው። ፊርማው ቦታ ላይ «የልጅቷ እናት» ይላል። እስክሪብቶውን ያዝኩ። አንድ ጊዜ ጽፌዋለሁ፣ ሁለተኛ መጻፍ ምን ይከብዳል ትዪ ይሆናል። እጄ እምቢ አለ። አንቺ ታየሽኝ፣ እሁድ አፍንጫሽን ስትስቢ።

«እናቷ አይደለሁም» አልኳት።

ጥርሷን ከደነችው እታለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ከንፈሯን ያየሁት፣ ቀጭን ነው፣ የደረቀ። «እንግዲያው አታለሽናል» አለችኝ። «ሰኞ ያለ ልጅ ትመጪያለሽ፣ ካልሆነ አትመጪም።» ኬኩንም ወደ ራሷ ሳበችው።

ሚጢን አቅፌ ስወጣ በሩ ላይ ያሉት ጥበቃ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ «ምን ሆነች ልጄ?» አሉኝ። ቆሜ ነገርኳቸው፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ። መውጫው በር ላይም እንደዛው ያለ አረንጓዴ አለ። ወንበራቸውን ጎትተው፣ ጉልበታቸውን ይዘው ወጡበትና ባርኔጣቸውን መብራቱ ላይ ደፉበት።

«በይ የኔ እናት፣ ጠፍቷል» አሏት። «አሁን እንደፈለግሽ።»

ሚጢ ባርኔጣውን አየች፣ እኔን አየች፣ እጇን ቀስ አድርጋ ከአፏ ላይ አወረደችው። ከዛ ጮኸች። ያ ቫኒላው ሁሉ እስኪንቀጠቀጥ ጮኸች፣ ሰዎች ዞረው አዩ፣ እኔ ተይ አላልኳትም፣ ጋሼም ወንበሩ ላይ እንደቆሙ ባርኔጣውን ይዘው ጠበቁላት። ክሊኒክ እስክንደርስ አላቋረጠችም። አጥንቷ አልተሰበረም፣ ጥፍሯ ይመለሳል ብለዋል። ልጄ ስትጮህ ደስ አለሽ ብለሽ ትረግሚኝ ይሆናል ግን እንደዛ ቀን ድምፅ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሰኞ አልሄድም። እፈራለሁ፣ ግን አልሄድም። ከቤት ስሪ ብትለኝም ኖሮ እሺ አልልም ነበር መሰለኝ፣ ያው ማዳመጫ ነው፣ ያው አረንጓዴ ነው። እሜቴ ትናንት ቤቴ ድረስ መጥታ አለቀሰች፣ ያን ፖም ሰርቃ አመጣችልን፣ ሚጢ ትጫወትበት ብላ፣ የጥርሷ ምልክት ያለበትን። አንድ የልብስ አጠባ ቤት ሰው ይፈልጋሉ ብላኛለች፣ ልጅ ይዞ መግባት ይቻላል አሉ፣ ማሽኖቹ ስለሚጮሁ ልጅ ቢጮህም የሚሰማው የለም። አንቺ እዛ ሆቴል አንሶላ ታጥቢያለሽ እኔ እዚህ የሰው ሱሪ አጥባለሁ፣ ቢያንስ ሳሙና ሳሙና ይሸተናል።

አሁን ቤታችን ውስጥ አረንጓዴ የሚበራ ነገር የለም። የቻርጀሩን ነጥብ በፕላስተር ሸፈንኩት፣ የሬዲዮኑንም። ከማውራቷ በፊት ግን አሁንም ዞር ዞር ብላ ታያለች። ያንቺ ስልክ ሲመጣ ደሞ ስክሪኑ ላይ የሚበራው ማንሻ አረንጓዴ ነው፣ እሱን ምን ላርገው። ለዛ ነው እታለም። በየእሁዱ እጇን አፏ ላይ ስታደርግ አልጠላችሽም። ጎበዝ እየሆነችልሽ ነበር።

ይሄን ስጽፍ መጥታ «ለማነው?» አለችኝ በሹክሹክታ። «ለእናትሽ» አልኳት። ጣሪያውን አየች፣ በሩን አየች፣ ከዛ ጆሮዬ ስር ገብታ «በሩ ነከሰኝ በያት» አለች። «ሌላስ?» አልኳት። «ዝም አልኩ በያት። ጎበዝ ነኝ በያት።» እንዳለችኝ ጽፌልሻለሁ።

ልጄን ስጪኝ ካልሽ ያንቺ ናት፣ ምን አፍ አለኝ። ልብሷን ሁሉ ዛሬ ጠዋት አጥቤዋለሁ። ደርቋል። አላጣጠፍኩትም፣ ገመዱ ላይ ነው፣ ነገ አጣጥፈው ይሆናል።

ደብዳቤውን የእሜቴ እህት ትይዘዋለች፣ ሰኞ ወደ እናንተ ትሳፈራለች። ነገ ስትደውዪ ካላነሳሁ ይቅር በይኝ፣ ይሄ ይቅደመኝ ብዬ ነው። እግዚአብሔር እጅሽን ከፈላ ውሃ፣ ልብሽን ከኔ ዓይነት ዜና ይጠብቅልሽ፣ የምትተኚበትን ያለስልስልሽ፣ የምትወጂውን ሰው ድምፅ ያሰማሽ።

ያሳደግሽኝ፣ ታናሽሽ

በሚቀጥለው እሁድ ስትደውዪ «ሃሎ» አትበያት፣ «እናትሽ ነኝ»ም አትበያት። መጀመሪያ «መብራቱ ጠፍቷል» በያት። ከዛ ጠብቂያት፣ ዝም ካለች እንዳትዘጊው፣ ዞር ዞር ብላ እያጣራች ነው።